ያልተነገረው ገደብ፦ የእናት ቁመና፣ የጽንስ ክብደትና የሞንትጎመሪ ጉዳይ

በስኮትላንድ፣ ላናርክሻየር ውስጥ በነበረው የቤልስሂል የወሊድ ሆስፒታል፣ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 1 ቀን 1999 ለ12 ሰዓት ሩብ ጉዳይ ሲሆን፣ አንድ ወንድ ሕፃን ጭንቅላቱ እስከ ግማሽ ወጥቶ ትከሻው ከእናቱ የዳሌ አጥንት በላይ ተቀርቅሮ ቀረ። ሙሉ በሙሉ የተወለደው 12 ሰዓት ሊሆን ሦስት ደቂቃ ሲቀረው ነው። በመካከል ባሉት 12 ደቂቃዎች እትብቱ ተጫጭኖ ወደ አንጎሉ የሚሄደው ኦክስጅን ስለተቋረጠ አራቱንም እጅና እግሩን በያዘ የአንጎል ጉዳት፣ ማለትም በሴሬብራል ፓልሲ፣ ሲኖር ቆይቷል፤ በጉተታው ምክንያትም የአንድ ክንዱ ነርቭ ተጎድቷል።

ጉዳዩ «ሞንትጎመሪ በላናርክሻየር የጤና ቦርድ ላይ» በሚል ስያሜ እስከ ዩናይትድ ኪንግደም ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሷል፤ በሕግም በሕክምናም ትምህርት ቤቶች ብዙውን ጊዜ የሚነሳው ስለ ታካሚ ፈቃድ ሲወራ ነው። እኔን ግን ፍርዱን ባነበብሁት ቁጥር የሚይዘኝ ሌላ ነገር ነው። የወላዷ ቁመና አነስተኛ መሆን በሐኪሟ ስሌት ውስጥ ገብቷል፤ በቀዶ ሕክምና (በኦፕራሲዮን) መውለድ እንደ አማራጭ የሚቀርብበትን የጽንስ ክብደት ገደብ በግማሽ ኪሎ ዝቅ እስከማድረግም ደርሷል። ሆኖም ስሌቱ የተሠራው በሐኪሟ አእምሮ ውስጥ ብቻ ሲሆን፣ ቁመናው የተቆጠረባት ሴት ገደብ መኖሩንም ሆነ ለምን እንደወረደ አልሰማችም።

የሕፃኑ እናት ወይዘሮ ሞንትጎመሪ በግላስጎው ዩኒቨርሲቲ ሞለኪውላር ባዮሎጂ ተምረው የተመረቁ፣ በመድኃኒት ኩባንያ ውስጥ የሠሩ፣ እናታቸውም እህታቸውም ሐኪሞች የሆኑ ሴት ናቸው። እርግዝናው የመጀመሪያቸው ነበር። ኢንሱሊን የሚወስዱ የስኳር ታማሚ በመሆናቸው እርግዝናቸው ከፍተኛ ክትትል ከሚያስፈልጋቸው ወገን ተመድቦ፣ የማሕፀንና ጽንስ ሐኪምና የስኳር ሕክምና ባለሙያዎች በጋራ በሚሠሩበት ክሊኒክ ይታዩ ነበር። ስለ ሰውነታቸው ፍርዱ የሚለው አጭር ነው፤ ቁመናቸው አነስተኛ መሆኑን ጠቅሶ ያልፋል።

የነፍሰ ጡርን ቁመት የሚለካ ባለሙያ ማወቅ የሚፈልገው በእርግጥ ቁመቷን አይደለም፤ ማወቅ የሚፈልገው የዳሌ አጥንቷን ስፋት ነው፤ ቁመት የሚለካው በሜትር በቀላሉ ስለሚገኝና ከዳሌ ስፋት ጋር በተወሰነ ደረጃ ስለሚዛመድ ነው። አጫጭር ሴቶች በአማካይ ጠበብ ያለ ዳሌ አላቸው፤ በዚህም ምክንያት ምጥ የሚቆምባቸውና በኦፕራሲዮን የሚወልዱት ከረጃጅሞቹ በዛ ይላሉ። ነገር ግን አማካይ ስለ አንዲት ሴት የሚናገረው ጥቂት ነው፤ አጭር ሆና ትልቅ ልጅ ያለ ችግር በምጥ የምትወልድ ብዙ ናት፤ ረጅም ሆና ምጥ የሚቆምባትም አለች። ዳሌን በራጅ ለክቶ አስቀድሞ መወሰን ይቻል እንደሆነ በጥናት ተሞክሮ የተገኘው ውጤት የኦፕራሲዮን ቁጥርን መጨመር እንጂ ለእናትም ለልጅም ግልጽ ጥቅም አልነበረም። ምክንያቱም ምጥ የሚሠራው በማይንቀሳቀሱ ቅርጾች አይደለም፤ የሕፃኑ የራስ ቅል አጥንቶች እርስ በርስ ይደራረባሉ፣ የእናቲቱ የዳሌ መጋጠሚያዎች በእርግዝና ሆርሞኖች ይላላሉ፣ አቀማመጧን ስትለውጥ የመተላለፊያው ስፋትም በጥቂቱ ይለወጣል።

በመማሪያ መጻሕፍት የሚሰጠውን ልክ ብንወስድ፣ የዳሌ መግቢያ ከፊት ወደ ኋላ 11 ሴንቲ ሜትር፣ ከጎን ወደ ጎን ደግሞ 13 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። የተወለደ ሕፃን ጭንቅላት ከጎን ወደ ጎን 9.5 ሴንቲ ሜትር ሲሆን የትከሻው ስፋት እስከ 12 ይደርሳል። ትከሻ ግን እንደ ጭንቅላት ጠንካራ ስላልሆነ ተጨብጦና ጋደል ብሎ ያልፋል። በአብዛኛው ወሊድ «ጭንቅላቱ ካለፈ ሌላው ይከተላል» የሚባለው ለዚህ ነው። አባባሉ በስኳር ታማሚ እናቶች ላይ ብዙ አያስተማምንም። የእናት ደም ስኳር በእንግዴ ልጁ በኩል ወደ ጽንሱ ይሻገራል፤ የምትወስደው ኢንሱሊን ግን አይሻገርም። ስለዚህ የጽንሱ ቆሽት የመጣለትን ትርፍ ስኳር ለመቋቋም የራሱን ኢንሱሊን አብዝቶ ያመርታል፤ ይህ ኢንሱሊን ደግሞ ለጽንስ እንደ ማሳደጊያ ሆኖ ይሠራል። ስቡ የሚከማቸው በተለይ በትከሻና በደረት ዙሪያ በመሆኑ፣ እኩል ኪሎ ካላቸው ሁለት ሕፃናት መካከል የስኳር ታማሚዋ ልጅ ትከሻው ከጭንቅላቱ አንጻር ሰፋ ብሎ ይገኛል። ጭንቅላቱ ስለወረደ ብቻ ትከሻውም ይወርዳል ማለት አይቻልም።

በሌላው አቅጣጫ ያለው የሰውነት መጠን፣ ማለትም የክብደት መብዛት፣ የተለየ ነገር ነው፤ እዚህ ጉዳይ ውስጥ ባይኖርም ብዙ ጊዜ ከቁመት ጋር ስለሚደባለቅ አንድ ነገር ልበል። ከመጠን በላይ ክብደት ያላት እናት በኦፕራሲዮን የመውለድ ዕድሏ ከፍ ይላል፤ ነገር ግን በዚያው ክብደት ምክንያት ኦፕራሲዮኑ ራሱ ይበልጥ ይከብዳታል፤ የቁስል ማመርቀዝና በደም ሥር ውስጥ የደም መርጋት በእሷ ላይ ይበዛል። ለአጭሯና ለቀጭኗ እናት መውጫ የሚሆነው ቀዶ ሕክምና ለወፍራሟ እናት ሌላ ሥጋት ነው። ስለዚህ «ሰውነቷ እንዲህ ስለሆነ እንዲህ ትውለድ» የሚል አንድ ወጥ ደንብ ከሰውነት መጠን አይወጣም።

ወደ ቤልስሂል ልመለስ። ሐኪሟ በስኳር ታማሚ እናቶች ላይ የሚከተሉት ልማድ፣ በጊዜው የሙያ አጋሮቻቸውም እንደሚያደርጉት፣ ጽንሱ ሲወለድ 4.5 ኪሎ ግራም ይደርሳል ተብሎ ከተገመተ ኦፕራሲዮንን እንደ አማራጭ ማቅረብ ነበር። ለወይዘሮ ሞንትጎመሪ ግን ቁመናቸው አነስተኛ በመሆኑ ገደቡን ወደ 4 ኪሎ አወረዱት። ይህ ውሳኔ በእኔ አስተያየት ትክክለኛ ሕክምና ነው፤ ለብዙኃን የወጣን ቁጥር ፊት ለፊት ለተቀመጠች አንዲት ሴት ማስተካከል ከሐኪም የሚጠበቅ ነው። ችግሩ ከዚያ በኋላ ያለው ነው።

በ36ኛው ሳምንት በአልትራሳውንድ የተወሰደውን ልክ ይዘው ሐኪሟ የልደት ክብደቱን 3.9 ኪሎ ብለው ገመቱ። ግምቱ የተሠራው ሕፃኑ በ38 ሳምንት እንደሚወለድ ታስቦ ነው፤ ምጡ በመድኃኒት እንዲጀመር የታቀደው ግን በ38 ሳምንት ከ5 ቀን ነበር። ሐኪሟ ራሳቸው በፍርድ ቤት እንዳመኑት መገመት የነበረባቸው ለዚያኛው ቀን ነው፤ ከ4 ኪሎ ይበልጣል ብለው አስበው ቢሆን ኖሮ ኦፕራሲዮንን ያቀርቡ እንደነበርም ተናግረዋል። በዚያ ዕድሜ ጽንስ በሳምንት 200 ግራም ገደማ እንደሚጨምር ለሚያውቅ ሰው ሒሳቡ ቀላል ነው፤ አምስት ቀን 3.9ን ከ4 ለማሳለፍ ይበቃል። ከዚህም በላይ ሐኪሟ እንደገለጹት የአልትራሳውንድ ግምት እስከ 10 በመቶ ሊዛነፍ ይችላል፤ ይህ ማለት 3.9 የተባለው ሕፃን ከ3.5 እስከ 4.3 ባለው ውስጥ የትም ሊሆን ይችላል ማለት ነው። ሲወለድ 4.25 ኪሎ ሆኖ ተገኘ።

ይህ 4.25 ሊታለፍ የማይገባው ቁጥር ነው። ለማንኛዋም የስኳር ታማሚ ከተቀመጠው ከ4.5ቱ ገደብ በታች ነው፤ ለወይዘሮ ሞንትጎመሪ ቁመና ተብሎ ከወረደው ገደብ ግን ሩብ ኪሎ ይበልጣል። እንግዲህ በዚህ ጉዳይ ውስጥ ኦፕራሲዮን ይቅረብ ወይስ አይቅረብ የሚለውን የለየው የጽንሱ ክብደት ብቻውን አልነበረም፤ የእናቲቱ ሰውነት ነው። ሁለት አካላት የሚገናኙበት ልክ ደግሞ የተመሠረተው ከታቀደው የወሊድ ቀን በአምስት ቀን ለሚቀድም ቀን በተሠላ፣ እስከ 10 በመቶ በሚዛነፍ አንድ ግምት ላይ ነው።

በ38ኛው ሳምንት ሌላ አልትራሳውንድ ሊነሣ ይችል ነበር። ሐኪሟ ያላነሡት ታካሚያቸው በአልትራሳውንድ በሚሰሙት ነገር እየተጨነቁ መምጣታቸውን ስላዩ ነው። ይህን ምክንያት ደግ ሰው የሚያስበው ዓይነት ነው ብዬ ባምንም፣ ውጤቱ ግን የሚያስጨንቀውን ነገር ማጥራት ሳይሆን መሸፈን ሆኗል። ወይዘሮ ሞንትጎመሪ ልጃቸው ከወትሮው ተለቅ እንደሚል ተነግሯቸው ነበር፤ በምጥ ሊወጣ ይችል ይሆን የሚል ሥጋታቸውንም በመጨረሻው ቀጠሮ አንሥተዋል። የተሰጣቸው መልስ በምጥ ለመውለድ እንደሚችሉ፣ ችግር ቢፈጠር በምጥ ላይ እያሉ ወደ ኦፕራሲዮን እንደሚገባ ነበር። የትከሻ መቀርቀር የሚባል ነገር ስለመኖሩ ግን አንድም ቃል አልሰሙም።

ለምን? ሐኪሟ ምክንያታቸውን በግልጽ አስረድተዋል። የስኳር ታማሚ በሆኑ እናቶች ላይ ትከሻ የመቀርቀር ዕድሉ ከ9 እስከ 10 በመቶ መሆኑን አልካዱም። ይሁንና ተቀርቅሮ ሕፃኑ በጽኑ የሚጎዳበት አጋጣሚ በጣም ጥቂት ነው፤ እትብት ተጫጭኖ የአንጎል ጉዳት ወይም ሞት የሚያስከትለው ከ1,000 አንድ እንኳ አይሞላም። ለእያንዳንዷ የስኳር ታማሚ ይህ ቢነገር ሁሉም ኦፕራሲዮን ይጠይቃሉ፤ በኦፕራሲዮን መውለድ ደግሞ ለእናቶች አይበጅም የሚል ነበር አመለካከታቸው።

ሐኪሟ የመዘኑት የመጨረሻውን ጉዳት ነው። ነገር ግን ከ10 እናቶች በአንዷ ገደማ የሚያጋጥመው የትከሻ መቀርቀር፣ ሕፃኑ በደህና ቢወጣም እንኳ፣ በራሱ ድንገተኛ አደጋ ነው። ሁለት አዋላጆች የእናቲቱን እግሮች ይዘው ጉልበቷን ወደ ትከሻዋ ይገፋሉ፤ ይህ ዘዴ 70 በመቶ ያህሉን ጊዜ ይሠራል። ሌላው ባለሙያ በጡጫው ከብልት አጥንቷ በላይ እየተጫነ የተቀረቀረውን ትከሻ ለማስለቀቅ ይሞክራል። ትከሻ ከተቀረቀረባቸው እናቶች 11 በመቶዎቹ ከወሊድ በኋላ ብዙ ደም ይፈሳቸዋል፤ 3.8 በመቶዎቹ ደግሞ እስከ ፊንጢጣ የሚዘልቅ መቀደድ ይደርስባቸዋል። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ክብደት የሰጠው ለእነዚህ ቁጥሮች ጭምር ነው። አንዲት ሴት ስለ ሰውነቷ የምትወስነው ከ1,000 ስንት በሚለው ብቻ አይደለም፤ ከ10 አንድ የሆነውን ለመቀበል ፈቃደኛ መሆን አለመሆኗንም የምትለካው ራሷ ናት።

የምጡን ሒደት ፍርዱ በዝርዝር አስፍሮታል። ምጡ በሆርሞን ተጀምሮ ከብዙ ሰዓታት በኋላ ቆመ፤ የሆርሞኑ መጠን ሲጨመር እንደገና ቀጠለ። ጭንቅላቱ በራሱ አልወርድ ስላለ ሐኪሟ በፎርሴፕስ (የሕፃኑን ጭንቅላት ይዞ በሚስብ መቆንጠጫ) መሳብ ጀመሩ፤ ጭንቅላቱ እስከ ግማሽ ሲወጣ ትከሻው አልንቀሳቀስ አለ። ሐኪሟ እንዲህ ያለ ነገር ከዚያ በፊት ገጥሟቸው አያውቅም ነበር። ጭንቅላቱን መልሶ ወደ ማሕፀን አስገብቶ በአስቸኳይ ኦፕራሲዮን ለማውጣት እንዲቻል ወይዘሮ ሞንትጎመሪ ሙሉ ማደንዘዣ ተሰጣቸው፤ ሐኪሟ ግን ያንን ትተው ጭንቅላቱን በኃይል ጎትተው አወጡት። ትከሻው አሁንም ከዳሌ በላይ ነበር። ስለዚህ የእናቲቱን የፊት የዳሌ መጋጠሚያ በምላጭ ለመክፈት ተገደዱ። በክፍሉ ውስጥ ከእጀታው ጋር አንድ ወጥ የሆነ ምላጭ አልተገኘም፤ የተጠቀሙባቸው ምላጮች መጋጠሚያው ሙሉ በሙሉ ሳይከፈት ከእጀታቸው ወለቁ። በመጨረሻ ሐኪሟ ድንገት በመጣ ጉልበት ሕፃኑን ስበው አወጡት። አስቀድሞ የታቀደ ኦፕራሲዮን ተደርጎ ቢሆን ኖሮ ሕፃኑ ሳይጎዳ ይወለድ እንደነበር በክርክሩ አልተካደም።

ለሐኪሟ ወገን የሚሆነውን ሚዛን ሳላነሣ ማለፍ ተገቢ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1996 የታተመ አንድ የአሜሪካ ስሌት እንደሚያሳየው፣ ከ4.5 ኪሎ በላይ ይመዝናል ተብሎ የተገመተ ጽንስ ለያዙ የስኳር ታማሚ እናቶች ሁሉ ኦፕራሲዮን ቢደረግ፣ አንድ ዘላቂ የክንድ ነርቭ ጉዳት ለማስቀረት 443 ኦፕራሲዮን ያስፈልጋል፤ ስኳር ለሌለባቸው ደግሞ ቁጥሩ 3,695 ይደርሳል። እያንዳንዱ ኦፕራሲዮን በማሕፀን ላይ ጠባሳ ይተዋል፤ በቀጣዩ እርግዝና የእንግዴ ልጁ በጠባሳው ላይ ተጣብቆ ለሕይወት የሚያሰጋ የደም መፍሰስ ሊያስከትል ይችላል። ብዙ ልጆች መውለድ ለምትፈልግ ሴት ይህ ቀላል ነገር አይደለም። እንዲያውም ከትከሻ መቀርቀሮች ግማሽ የሚጠጉት የሚያጋጥሙት ከ4 ኪሎ በታች በሆኑ ሕፃናት ስለሆነ፣ በክብደት ገደብ ብቻ ሁሉንም መከላከል አይቻልም። ገደብ ማስቀመጥ እንደ ሕክምና ፖሊሲ ነቀፋ የለበትም። በኋላ በችሎት የተነቀፈውም ገደቡ ሳይሆን ስለ ገደቡ ዝም መባሉ ነው።

በስኮትላንድ የመጀመሪያ ደረጃ ዳኛው እ.ኤ.አ. በ2010፣ ይግባኝ ሰሚው ችሎት ደግሞ በ2013 ክሱን ውድቅ አደረጉት። መሠረታቸው ሐኪም ለታካሚው ስለሚነግረው አደጋ እ.ኤ.አ. በ1985 በሲዳዌይ ጉዳይ የተሰጠው ውሳኔ ነበር፤ አለመናገሩ በሐኪሞች ዘንድ ተገቢ ልማድ ነው ተብሎ ከታመነ ጥፋት አይደለም የሚል ንባብ ነበራቸው። ወይዘሮ ሞንትጎመሪ ሥጋታቸውን ቢያነሡም ስለ ዝርዝር አደጋው ለይተው አልጠየቁም የሚል ነጥብም ተነሥቶባቸዋል። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ይህንን ነጥብ በብርቱ ተችቶታል፤ ያልተነገረው ሰው ምን ብሎ ይጠይቃል? አንድ አደጋ መኖሩን የማያውቅ ሰው ስለዚያ አደጋ አይጠይቅም፤ መረጃው የበለጠ የሚያስፈልገውም እሱ ነው።

ሰባት ዳኞች የተሰየሙበት ችሎት እ.ኤ.አ. ማርች 11 ቀን 2015 በሰጠው ውሳኔ የሲዳዌይን መስፈርት ለውጦ፣ ሐኪም ማንኛውንም በታካሚው ቦታ ያለ አስተዋይ ሰው ቁም ነገር ነው የሚለውን፣ ወይም ያ ታካሚ በተለይ ቁም ነገር ነው እንደሚል ሐኪሙ የሚያውቀውን አደጋ፣ ከአማራጮቹ ጋር መንገር ግዴታው ነው አለ። ከሰባቱ ዳኞች አንዷ የሆኑት ሌዲ ሄል በጨመሩት የራሳቸው አስተያየት ላይ፣ ኦፕራሲዮን ለእናቶች አይበጅም የሚለው አባባል ንጹሕ የሕክምና ፍርድ አይመስልም፤ በምጥ መውለድ በሆነ መንገድ በሥነ ምግባር ይበልጣል የሚል ፍርድ ይመስላል ብለዋል። ለዚህ ጉዳይ የሚነሣው ንጽጽር ደግሞ ጠንከር ያለ ነው፤ በምጥ በኩል ከ10 አንድ ገደማ የሆነ የትከሻ መቀርቀር፣ በታቀደ ኦፕራሲዮን በኩል ደግሞ ለእናቲቱ በጣም ጥቂት፣ ለልጁም የለም ለማለት የሚቀርብ አደጋ።

የቀረው ጥያቄ ቢነገራቸው ኖሮ ኦፕራሲዮን ይመርጡ ነበር ወይ የሚለው ነበር። የመጀመሪያው ዳኛ አይመርጡም ብለው ነበር። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ግን የተቃራኒውን ማስረጃ ያገኘው ከሐኪሟ አንደበት ነው፤ ለስኳር ታማሚ እናቶች ቢነገር ሁሉም ኦፕራሲዮን ይጠይቃሉ ብለው መመስከራቸው፣ ዝም ለማለት ምክንያት የሆናቸው ያው ነገር፣ ወይዘሮ ሞንትጎመሪም ቢሰሙ ይጠይቁ እንደነበር ማረጋገጫ ሆነ። የጤና ቦርዱ 5.25 ሚሊዮን ፓውንድ ካሣ ከፈለ። ውሳኔው ሲነበብ በ12 ደቂቃ ውስጥ የተወለደው ልጅ 15 ዓመት አልፎት ነበር።